ቡጢ፣ ጣት፣ እርሳስ፣ ቢላዋ፦ የጮቄ የጉዞ ማስታወሻ

የ2012 መስከረም ሊያልቅ ሲል ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ጎጃም ወረድን። ጮቄ ተራራ ላይ የሚዘንበው በረዶ መሬት ካረፈ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠነክር በእጃችን ነክተን ማየት ፈልገን ነው። ሁለታችንም የምንሠራው የግንባታ ዕቃ በሚፈተሽበት ላቦራቶሪ ነው። ውሏችን ኮንክሪት መጭመቅ፣ ብረት መሳብ፣ አፈር መጠቅጠቅ ነው። እኔ ደግሞ ለትምህርት ስዊዘርላንድ በቆየሁበት ጊዜ ዳቮስ የምትባል የተራራ ከተማ ሄጄ ነበር። እዚያ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስኖው፣ ማለትም በብርድ አገር እንደ ጥጥ ብን እያለ የሚወርደው በረዶ፣ እንደ ማንኛውም የግንባታ ዕቃ ይመረመራል። ይመዘናል፣ ይጨመቃል፣ ይሰበራል።

እዚያ ካየሁት ሁሉ የወደድኩት ያለ ምንም መሣሪያ የሚሠራውን ፍተሻ ነው። ስኖው ውስጥ ጉድጓድ ይቆፈርና አንዱ ግድግዳ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። ከዚያ ጓንት ያጠለቀ እጅ በቀስታ ይገፋዋል። ቡጢ ከገባ በጣም ለስላሳ ነው። ቡጢ እምቢ ካለው አራት ጣት ይሞከራል። አራት ጣት እምቢ ካለው አንድ ጣት። ከዚያ የተቀረጸ እርሳስ፣ ከዚያ ቢላዋ። ቢላዋም ካልገባ ድፍን በረዶ ተብሎ ይመዘገባል። ዋናው ነገር የሚገፋበት ጉልበት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው። ከ10 እስከ 15 ኒውተን፣ ማለትም አንድ ኪሎ ወይም አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ዕቃ የሚጫነውን ያህል። ቀላል ይመስላል እንጂ የዓለም የስኖው ባለሙያዎች የሚስማሙበት መለኪያ ነው። የኔ ጥያቄ ይህ ነገር ጎጃም ላይ ይሠራል ወይ የሚል ነበር።

መስከረም 27፣ ማክሰኞ፦ አባይ በረሃን ተሻግረን ደብረ ማርቆስ

ሌሊት 11 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ተገኘን። ትኬቱ 190 ብር ነበር። ጫንጮንና ፍቼን በእንቅልፍ አለፍናቸው። ጎሃ ጽዮን ቁርስ ላይ ነቃን። እንቁላል በዳቦ 35 ብር፣ ሻይ 5 ብር።

ከጎሃ ጽዮን በኋላ መንገዱ አባይ በረሃ ውስጥ ይገባል። እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ጃኬት ለብሶ የተሳፈረ ሁሉ አንድ በአንድ ማውለቅ ጀመረ። አስፋልቱ ብዙ ቦታ ላይ ተጎርብጧል፣ ተሰነጣጥቋል። ጥፋቱ የአስፋልቱ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ያለው ተዳፋት ክረምት ውሃ በጠጣ ቁጥር ቀስ እያለ ወደ ታች ይሄዳል። ባልደረባዬ የአፈር ሰው ስለሆነ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እያንዳንዱን ስንጥቅ ሲቆጥር ነበር። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ስንሻገር አጠገቡ አሮጌው ቆሟል። ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም።

ወደ ደጀን ስንወጣ አንድ ከባድ መኪና ኩርባ ላይ ሞተሩ ግሎበት ቆሟል። ሾፌራችን በድንገት ፍሬን ያዘ። ከላይ ከዕቃ መደርደሪያው አንድ ሻንጣ ወርዶ የኛ ቦርሳ ላይ አረፈ። ማንም አልተጎዳም፤ ከቦርሳው ውስጥ ያለው የመስታወት ቴርሞሜትር ግን ደቀቀ። ባልደረባዬ እስከ ሉማሜ ድረስ ቃል አልተናገረም። ከዚያ በኋላ «ምንም አይደል፣ በጀሪካን ውሃ እናየዋለን» አለ። ማታ ደጅ የተቀመጠ ውሃ ከረጋ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወርዷል ማለት ነው። ቁጥሩን ባይነግረንም ለኛ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ከደጀን በኋላ ሜዳው አረንጓዴ ነው። ጤፉ ገና አልቀለመም፣ በየድንበሩ አደይ አበባ አለ። ከቀትር በኋላ ደብረ ማርቆስ ገባን። መንቆረር የሚለው የድሮ ስሟ ዛሬም በሽማግሌዎች አፍ አልጠፋም። አልጋ 280 ብር ነበር፣ ሙቅ ውሃ አለው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ትበርዳለች ብዬ ነበር፤ ማምሻው ላይ ያው ሆነብኝ፣ ከፍታቸውም ቢሆን ተቀራራቢ ነው። ከአንድ ሱቅ ሁለት እርሳስ በ6 ብር፣ አንድ ካራ በ40 ብር ገዛን። ባለሱቁ «እርሳሱም ካራውም ለምንድን ነው?» አለን። ስንነግረው እርሳሱን መልሶ ወስዶ ራሱ ቀረጸልን። «በረዶ ልትወጉበት ከሆነ ሹል ይሁን» አለ። ማግስቱ ጾም ነውና እራት ላይ ጥብስ አዘዝን፣ 120 ብር። ጥሩ ሥጋ ነው፣ ቅቤውም የበለጠ ጥሩ።

መስከረም 28፣ ረቡዕ፦ ሮብ ገበያ

ወደ ሮብ ገበያ የሚሄደው ሚኒባስ 35 ብር ነበር። ቢሞላም መጫኑን አያቆምም። የጠጠር መንገድ ነው፣ ዳር ዳሩን ባህር ዛፍ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ቀርቀሃ ይበዛል። ስናን ወረዳ ሲገባ አየሩ ተለወጠ። ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው አድርሶታል።

ስሙ እንደሚለው ገበያዋ ረቡዕ ነው። ድንች በጆንያ ተከምሯል፣ ኪሎው 8 ብር። ገብስ አለ፣ እንግዶ አለ። እንግዶ ከአጃ ወገን ነው፤ አዲስ አበባ ስም እንኳ አይሰማም፣ እዚህ ግን ደጋው ላይ መተማመኛ እህል ነው። ቀርቀሃ ተሰንጥቆ የተሠራ ወንበር 150 ብር ይሉት ነበር። ባልደረባዬ እየዞረ አጎነበሰው፣ ቀለበሰው፣ መረመረው። መሸከም አይቻልም ብዬ አስቀረሁት።

ምሳ አንዲት እናት ቤት ሽሮ በላን፣ 30 ብር። ድንች ቅቅል በሚጥሚጣ በነጻ ተጨመረ። ለምን እንደመጣን ስትሰማ ምጣዷን ትታ መጣች። «በረዶ ለማየት? እኛ እንዳይመጣ እንለምናለን እናንተ ትፈልጉታላችሁ?» አለች። ልክ ናት። ገብስ ዘለላ ባወጣበት ሰዓት የወረደ በረዶ የዓመቱን ሥራ በሩብ ሰዓት ያጠፋል። እኛ ልንነካው የመጣነው ነገር ለሷ የልጆቿ ቀለብ ጉዳይ ነው። ይህንን ደጋግሜ ያስታወስኩት በኋላ ነው፣ ተራራው ላይ ሆኜ።

መሪ አገኘን። በቁምጣና በጋቢ ያለ ወጣት ነው፣ ዱላውን ከትከሻው አያወርድም። ከነበቅሎው በቀን 300 ብር ተስማማን። ቤቱ ከፍ ብሎ ተራራው ወገብ ላይ ስለሆነ አባቱ ቤት እንደምናድር ነገረን። «አልጋው መደብ ነው ጋሼ፣ ብርዱን ግን እችለዋለሁ በሉ» አለ።

መስከረም 29፣ ሐሙስ፦ ወደ ላይ፣ ከዚያም በረዶው

ጠዋት 1 ሰዓት ተነሳን። ገብስና ድንች ማሳ እያቆራረጥን ወጣን። ከዚያ እርሻው እየተመናመነ ሄደ። የአስታ ቁጥቋጦ መጣ፣ ከዚያ የጓሳ ሣር፣ ከዚያ ጅብራ። ጅብራ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ጭጋግ ውስጥ ሲቆም ሩቅ ያለ ሰው ይመስላል፤ በቅሎዋ እንኳ ሁለት ጊዜ ቆመችለት። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ የተባሉት ወንዞች ከዚህ ይነሳሉ፤ ሁሉም መጨረሻቸው አባይ ነው። እግራችን ሥር ያለው መሬት እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዟል።

ክረምቱ ወጥቷል ቢባልም ጮቄ ገና አልለቀቀውም። 8 ሰዓት ላይ ከምሥራቅ በኩል ደመናው ጠቆረ። መሪያችን በቅሎዋን አዙሮ ከአንድ ቋጥኝ ሥር አስገባን። ራሱ ገሳውን ደርቦ ከውጭ ቆመ። መጀመሪያ ዝናብ፣ ከዚያ በረዶ። ጓሳው ላይ እየነጠረ ነጭ አደረገው። ጆሮ ያደነቁራል። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም፣ ሲያቆም ግን ሸለቆው ሁሉ ነጭ ነው። ተዳፋቱ ላይ የወረደው በውሃው ተገፍቶ አንድ ቦይ ውስጥ ተከማችቷል፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል።

ሥራችን እዚህ ተጀመረ። በመጀመሪያ አንዷን ፍሬ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት። ከሽምብራ ትንሽ ትበልጣለች። ባልደረባዬ በካራው ለሁለት ከፈላት። መሐሏ ወተት የመሰለ ነጭ ነው። ዙሪያዋን ቀጭን ጥርት ያለ ቀለበት አለ፣ ከሱ ውጪ ደግሞ ሌላ ነጭ ሽፋን። ነጩ ውሃው ድንገት ሲረጋ አየር አፍኖ የያዘበት ነው። ጥርት ያለው ቀስ ብሎ የረጋው ነው፣ አየሩ ለመውጣት ጊዜ አግኝቷል። ሌሎቹን ስንከፍት ሁሉም እንዲህ አልነበሩም። ብዙዎቹ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ናቸው፣ በጣት ሲጫኗቸው ይፈርሳሉ። መሪያችን እነዚህኞቹን ሲያይ ደስ አለው። «ይቺ ገብስ አትሰብርም» አለ። ልክ ነው፤ ድፍኑና ከባዱ ነው ዘለላ የሚቆርጠው።

ቦዩ ውስጥ ያለውን ክምር በአካፋ ቀጥ አድርገን ቆረጥን። ጓንት አጠለቅኩ። ቡጢዬ ያለምንም ትግል እስከ አንጓዬ ገባ። ደብተራችን ላይ «8 ሰዓት ተኩል፣ ቡጢ» ብለን ጻፍን።

ይህ ለማንም ሊገርም የሚገባው ይመስለኛል። እያንዳንዷ ፍሬ ብቻዋን ጠንካራ ናት፤ ከነዚያ ከድፍኖቹ አንዷን በጥርስ መስበር ያስፈራል። ክምሩ ግን ምንም አይችልም። ምክንያቱም ፍሬዎቹ አልተያያዙም። ንጹሕ ድፍን በረዶ እንደ ቅዝቃዜው ከ5 እስከ 25 ሜጋ ፓስካል ግፊት ይችላል፣ ላይኛው ቁጥር ከተራ ሕንፃ ኮንክሪት የምንጠይቀው ጥንካሬ ነው። አዲስ የወረደ ስኖው ግን በሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፣ ቀሪው አየር ነው፤ ድፍኑ በረዶ 917 ኪሎ ነው። ያም ሆኖ ክብደቱ ሁሉንም አይናገርም። ተመሳሳይ ክብደት ያላቸው ሁለት የስኖው ንብርብሮች አንዱ ጣት ሲያስገባ ሌላው ቢላዋ ሊያስቆም ይችላል። ልዩነቱ ፍሬ ከፍሬ የሚገናኝበት ነጥብ ላይ ነው። እዚያች ነጥብ ላይ ቀስ በቀስ የበረዶ አንገት ይበቅላል፣ ሁለቱን ያጋምዳል። ከተጋመዱ በኋላ የሚገፋው ቡጢ ክምሩን ሳይሆን ሺህ አንገቶችን ነው የሚሰብረው። ማይክል ፋራዳይ በ1850 (እ.ኤ.አ.) ሁለት የበረዶ ቁርጥራጮች ሲነካኩ እርስ በርስ እንደሚጣበቁ አሳይቶ ነበር።

ማምሻውን ወደ መሪያችን ቤት ወረድን። ከመውረዳችን በፊት 11 ሰዓት ላይ ክምሩን ደግመን ሞከርነው። ቡጢ አልገባም። አራት ጣት እንደምንም ገባ።

ቤቱ ግቢ ውስጥም በረዶ ወርዷል። አባትየው በላይዳ እየጠረጉ ወደ ዳር ይከምሩታል። እህል የሚነፋበት ላይዳ በረዶ ላይ ሲሠራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «አባቴ፣ ነገ በፀሐይ አይቀልጥም?» አልኳቸው።

«ይቀልጣል ልጄ። ግን ማታውን ካልተጠረገ ጠዋት በዶማ ነው። ከብቱ በምን ይወጣል?»

ዳቮስ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ የተማርኩትን ነገር እሳቸው በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት።

እራት የገብስ እንጀራ በአተር ክክ ነበር፣ ቀጥሎ ጠላ፣ ቀጥሎ አረቄ። «በሞቴ ጨምር» የማይባልበት ደቂቃ የለም። እሳቱ ዳር የፈረንጅ ሀገሩን በረዶ ጠየቁኝ። ሩቅ ሰሜን የሚኖሩ ሰዎች በበረዶ ጡብ ቤት እንደሚሠሩ ነገርኳቸው። ጡቡ ከየትም አይቆረጥም፤ ነፋስ የጠቀጠቀው ስኖው ተፈልጎ፣ በዘንግ እየተወጋ ተፈትኖ ነው። ነፋሱ ፍሬዎቹን ይፈጫቸዋል፣ ያቀራርባቸዋል፣ ፍሬው ባነሰ ቁጥር የሚነካኩበት ነጥብ ይበዛል። ስለዚህ ይጠነክራል።

«ታዲያ እሳት አያነዱም?» አሉ እናትየዋ።

«መብራት ያበራሉ እናቴ። ውስጡ ትንሽ ይቀልጥና ተመልሶ ይረጋል። ያኔ ግድግዳው የባሰ ይጠነክራል።»

አባትየው ጥቂት አሰቡና «እንደ ማታው በረዶ ነዋ» አሉ። አዎ፣ እንደ ማታው በረዶ።

ውሃ የሞላ ጀሪካን ቆርጠን ደጅ አስቀምጠን ተኛን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። መደቡ ላይ ሁለት ጋቢ ደርቤም እስከ ሌሊት አልሞቀኝም።

መስከረም 30፣ ዓርብ፦ ጎህ ሳይቀድ

11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ውሃ ላዩ ረግቷል። በጣት ብጫነው አልሰበር አለ። ጥሩ ምልክት ነው።

ባትሪ አብርተን ተመልሰን ወጣን። መንገዱ ላይ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። እርጥብ የነበረው አፈር ከላዩ ተነሥቷል። ጎንበስ ብዬ በእጅ መብራት አየሁት። ከአፈሩ ሥር ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ የበረዶ መርፌዎች አሉ። ቁመታቸው የጣት አንጓ ያህል ነው። እያንዳንዱ በራሱ ላይ ትንሽ አፈር፣ ደቃቅ ጠጠር፣ አንዳንዱ የሣር ሥር ተሸክሟል። ከሥር ያለው ውሃ እየተሳበ ወደ ላይ መጥቶ በመርጋት ነው የሚያድጉት፤ ሲያድጉ ከላያቸው ያለውን ያነሡታል። ስረግጣቸው ይንኮሻኮሻሉ። መሪያችን በዱላው ገፋ አደረጋቸውና «ገብሱን ነቅሎ የሚጥለው ይኼ ነው» አለ። ቡቃያ ላይ ከመጣ ሥሩን ከአፈር ያላቅቀዋል። ቆመን ብዙ አየነው። ባልደረባዬ ይህንን ብቻ ለማየትም መምጣት ነበረብን አለ።

ጓሳው ላይ ደግሞ ውርጭ ተቀምጧል። ቀጭን፣ ላባ መሳይ። ትንፋሽ ሲያገኘው ይረግፋል። እዚህ ምንም አያደርግም፤ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። አውሮፓ ተራሮች ላይ ግን ይህ ውርጭ ስኖው ላይ እንዳለ ሌላ ስኖው ከመጣበት ይቀበራል። ከዚያ ላዩ ጠንካራ፣ ሥሩ ጠንካራ፣ መሐሉ ደካማ ይሆናል። አንድ ሰው ሲረግጠው ደካማው ንብርብር ይሰበርና ላዩ ያለው ሁሉ እንደ አንድ ሰሌዳ ተንሸራቶ ይሄዳል። ሰው የሚገድለው የስኖው ናዳ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚነሣው፣ ይበልጡን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ። ለዚህ ነው እዚያ ላዩን ብቻ ሳይሆን እስከ ታች ቆፍረው እያንዳንዱን ንብርብር በጣትና በእርሳስ የሚፈትሹት። የሚፈልጉት ጠንካራውን አይደለም፤ በጠንካሮች መሐል የተደበቀውን ለስላሳ ነው።

ቦዩ ጋ ደረስን። ክምሩ ትላንት ከነበረው ዝቅ ብሏል። ላዩ ያብለጨልጫል። አዲስ ግድግዳ ለመቁረጥ አካፋው አልበቃም፣ መሪያችን ከቤት የያዘውን ዶማ ተጠቀመ። ቡጢ፦ አልገባም። አራት ጣት፦ አልገባም። አንድ ጣት፦ አልገባም። እርሳሱ ከላይኛው ንብርብር ላይ ጫፉ ተሰበረ። ሁለተኛው እርሳስ ዝቅ ብሎ ወደ መሐል ሲሞከር ገባ። ላዩን በካራ ሞከርነው፣ ያኔ ገባ። ስለዚህ ከላይ ቢላዋ፣ መሐሉ ላይ እርሳስ፣ ከታች መሬቱ አጠገብ አንድ ጣት። የታችኛው ለስላሳ የሆነው ከአፈሩ ሙቀትና ከሚፈሰው ውሃ የተነሣ ነው።

አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያለፈው። ማንም አልጠቀጠቀውም። ትላንት ከሰዓት ፍሬዎቹ እርጥብ ነበሩ፣ በየመገናኛቸው ቀጭን ውሃ ቆሞ ነበር። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ያ ውሃ ረጋ፣ አንገት ሆነ። ደረቅ በሆነ ስኖው ላይ ደግሞ ውሃ ሳይኖርም በረዶው በተን መልክ ከፍሬው ወደ መገናኛው እየሄደ ያው አንገት ይበቅላል፣ ብቻ ዝግ ይላል። በረዶ ሁልጊዜ ከመቅለጫው አጠገብ የሚኖር ነገር ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በጣም ቀዝቃዛ ይመስለናል። ብረት በዚያው መጠን ወደ መቅለጫው ቢቀርብ ግን ሙቀቱ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ብረት ማንም ምሰሶ አያደርገውም። በረዶ የሚለዋወጠው፣ የሚጣበቀው፣ ቀስ ብሎ የሚፈሰው ለዚህ ነው። ዳቮስ ውስጥ ከጣራ ጫፍ ላይ ሳይሰበር ወደ ታች ታጥፎ የተንጠለጠለ ስኖው አይቻለሁ። ቀስ ብለው ሲጭኑት ይተጣጠፋል፣ በድንገት ሲመቱት ይሰበራል።

መሪያችን ይህንን በበቅሎው አሳየን። ክምሩን መሻገር ነበረብን። ልጓሟን አጥብቆ ይዞ በዝግታ አስኬዳት። አራት እግሯን አሳርፋ አለፈች፣ ኮቴዋ ምልክት ብቻ ነው የተወው። ስትጨርስ ደንግጣ ዘለለች፣ የኋላ እግሯ እስከ ጉልበቷ ገባ። «ከዘለለች ትሰብረዋለች። በቀስታ ካስረገጧት ይችላታል» አለ እየሳበ። አልተጎዳችም።

ፀሐይ ወጣች። 4 ሰዓት ሲሆን ያው ቦታ ላይ አንድ ጣት ገባ። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ቡጢ። ትንሽ ውሃ ፍሬዎቹን ያያይዛቸዋል፤ ሲበዛ ግን አንገቶቹን በልቶ ይለያያቸዋል። ከቡጢ ወደ ቢላዋ፣ ከቢላዋ ወደ ቡጢ፣ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ። ዳቮስ ላይ ይህን ለማየት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ የጮቄ ፀሐይና ሌሊት ግን በየቀኑ ያደርጉታል።

ሌሊቱን ማስታወሻ ከያዝኩበት ስልክ ላይ ብርዱ ባትሪውን ጨርሶት ስለነበር የቀረው ሁሉ የተጻፈው በተሰበረው እርሳስ ነው።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ፦ ዲጎ ጽዮንና ሞጣ

ቤተሰቡን ተሰናብተን በማዶ በኩል ወረድን። ገንዘብ ለማደሪያ ብንሰጥ አባትየው አልቀበል አሉ። ለእናትየዋ ለልጆቹ ደብተር መግዣ ብለን ስንሰጣት ተቀበለች። መሪያችን እስከ መኪና መንገዱ ሸኘን።

አንድ አይሱዙ ጭነቱ ላይ አሳፈረን፣ በሰው 50 ብር። ዲጎ ጽዮን ሳንደርስ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ጠጠር፣ ቅርንጫፍ፣ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገባ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ባልደረባዬ እንደ ልማዱ ጭቃውን በጣቱ ሲጫን አየሁት። ቡጢ ነው አለ።

ዲጎ ጽዮን ምሳ በላን። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጎናችን ተቀምጠው ነበር፤ በዚያው ሐሙስ ዝናብ ከነሱ ሰፈር ገብሱን በረዶ መትቶታል። «እንግዶው ተርፏል፣ ገብሱ ግን ራሱን ደፍቷል» አሉ። ማሳው ላይ ምን ያህል ቆየ ስላቸው «እስከ ማግስቱ ቀትር፣ ጥላ ያለበት እስከ ዛሬ» አሉኝ። የወረደው ብቻ ሳይሆን የቆየውም ያበላሻል፤ ዘለላውን ከመሬት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። የዝናብ መለኪያ የሚይዝ ሰው በረዶ ወረደ ብሎ ብቻ ባይጽፍ እመኛለሁ። ፍሬው ድፍን ነው ወይስ በጣት የሚፈርስ? ማታ ቡጢ ነው ወይስ ጠዋት ቢላዋ? መሬት ላይ ስንት ሰዓት ቆየ? ይህን ለመጻፍ አንድ እርሳስና አንድ ካራ ይበቃል፣ የዚያን ጊዜ ዋጋውንም ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ማምሻውን ሞጣ ገባን። አልጋ 200 ብር ነበር፣ ንጹሕ ነው፣ ውሃ ግን በባልዲ። ከሞጣ ባሕር ዳር ሚኒባስ ጠዋት ጠዋት ይገኝ ነበር። መሄድ ለምታስቡ፦ ከሮብ ገበያ ወደ ላይ በእግር ወይም በበቅሎ ይሻላል፣ መኪናው ክረምት ላይ አይታመንም። ውርጭና የበረዶ መርፌ በብዛት ማየት ከፈለጋችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ ሂዱ፣ በረዶ ከፈለጋችሁ ክረምት። ጓንት ያዙ። ቴርሞሜትር ከያዛችሁ የመስታወት አይሁን። የሚቀረጽ እርሳስም ከሁለት በላይ ይሁን፤ እኛ ለኅዳር ስድስት ገዝተናል።